የንጉሠ ነገሥቱ ወንበር፦ ከአንድ የ1668 የኦፔራ ህትመት መድረክ ለመሥራት የሞከርንበት ጉዳይ

ለምን እንደምጽፈው

የድሮ ስዕል ፊታችን ተቀምጦ «ነገሩ እንዲህ ነበር» ሲለን ማመን ይቀናናል። በተለይ መስመሩ የጠራ፣ ልኩም የተስተካከለ ከሆነ። እኛም አመንን። አምነን ሦስት ሳምንት ለፍተን አንድ የካርቶን መድረክ ሠራን። መድረኩ ግን እምቢ አለን። ከጠረጴዛው አልፎ ወጣ፤ ዋሻ መሰለ፤ ማንም ሊገነባው የማይችል ነገር ሆነ። መቀሱም ማስመሪያውም ልክ ነበሩ። የተሳሳተው ስዕሉን ያነበብንበት መንገድ ነው።

ጉዳዩን መዝግቤ ማስቀመጥ የፈለግኩት ከባሮክ ዘመን (በተለይ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን) ኦፔራ መድረክ የደረሰን አብዛኛው ነገር በህትመት፣ ማለትም በመዳብ ሳህን ላይ ተቀርጾ በወረቀት በታተመ ስዕል በኩል ስለሆነ ነው። ሸራው ተቀዷል። እንጨቱ ፈርሷል ወይም ተቃጥሏል። ሻማው ቀልጦ አልቋል። ወረቀቱ ግን አለ። ወረቀቱን ማንበብ ካልቻልን የቀረውን ሁሉ በግምት እንሞላዋለን፤ ግምታችን ደግሞ በኋላ «ታሪክ» ተብሎ ይጠቀሳል። ይሄ ያሳስበኛል።

በሥራው ላይ አራት ነበርን። አንድ የመድረክ ንድፍ መምህር፣ አንዲት የህትመት ሠዓሊ፣ አንድ አናጢና እኔ። የማንንም ስም አልጠቅስም። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ትርኢቱ

ኦፔራው «ኢል ፖሞ ዶሮ» ይባላል። «የወርቁ ፖም» ማለት ነው፤ ፖም የሚለው ቃል ለእኛም እንግዳ አይደለም። የተዘጋጀው በቪየና ቤተ መንግሥት፣ ለቅድስት ሮማ ንጉሠ ነገሥት ሌኦፖልድ ቀዳማዊ እና ለስፔኗ ልዕልት ማርጋሪታ ቴሬሳ ጋብቻ ነው። ማርጋሪታን ብዙ ሰው ሳያውቅ ያውቃታል። ቬላስኬዝ በ1656 በሣለው «ላስ ሜኒናስ» በሚባለው ስዕል መሃል ላይ ነጭ ቀሚስ ለብሳ የቆመችው ትንሽ ልጅ እሷ ናት።

ሙሽራይቱ ቪየና የገባችው በ1666 መጨረሻ ላይ ነው። ኦፔራው ግን ለሠርጉ አልደረሰም። የታየው በሐምሌ 1668፣ በልደቷ ሰሞን ነው። በጣም ረጅም ስለነበር ለሁለት ቀን ተከፈለ። መቅድሙና የመጀመሪያዎቹ ሦስት ገቢሮች ሐምሌ 12፣ የቀሩት ሁለቱ ሐምሌ 14 ቀረቡ። ሙዚቃው የአንቶኒዮ ቼስቲ፣ ግጥሙ የፍራንቼስኮ ስባራ ነው። መድረኩን የነደፈው ሎዶቪኮ ኦታቪዮ ቡርናቺኒ ነበር። ከ20 በላይ የተለያዩ የመድረክ ገጽታዎች አዘጋጅቷል።

ታሪኩ የታወቀው የግሪኮች ተረት ነው። በአማልክት ግብዣ ላይ የወርቅ ፖም ይወረወራል። ለውቢቱ ይሰጥ ይባላል። ሦስት እንስት አማልክት ይጣሉበታል። የትሮዩ ልዑል ፓሪስ ይፈርዳል፤ ፍርዱም ጦርነት ያመጣል። በቪየናው ኦፔራ ግን ጁፒተር ጠቡን የሚጨርሰው በራሱ መንገድ ነው። ፖሙ ለእቴጌ ማርጋሪታ እንዲሰጥ ይወስናል። ማለትም አዳራሹ ውስጥ ተቀምጣ ለምታየው ሴት። ይህን ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ለትርኢቱ ሲባል አዲስ የእንጨት ቴአትር ቤት ተሠራ። ቦታው በከተማዋ ምሽግ ግንብ ላይ፣ ዛሬ ቡርግጋርተን የሚባለው መናፈሻ ባለበት አካባቢ ነው። ዕድሜው አጭር ሆነ። በ1683 የኦቶማን ጦር ቪየናን ሲከብ እሳት እንዳያዛምት ተብሎ ፈረሰ። ዛሬ በመናፈሻው ውስጥ ሲያልፉ የሚያዩት ዛፍና ሣር ነው። የሙዚቃው ኖታ እንኳን ሙሉውን አልተረፈም። የ3ኛውና የ5ኛው ገቢር አብዛኛው ሙዚቃ ጠፍቷል።

የቀሩልን ህትመቶቹ ናቸው። የቡርናቺኒን ንድፎች ማቴውስ ኪውዝል የሚባል የአውግስቡርግ ባለሙያ በመዳብ ሳህን ላይ ቀረጻቸው። ከኦፔራው ግጥም ጋር በመጽሐፍ ታተሙ። ተመልካቾች የተቀመጡበትን አዳራሽ የሚያሳየውን ደግሞ ፍራንስ ጌፍልስ ሠራው። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ከአንዱ ቤተ መንግሥት ወደ ሌላው ይሄዳል። ትርኢቱ በሁለት ቀን አልቋል፤ ዝናው ግን በወረቀት ተጓዘ። ነገሩ አዲስ አልነበረም። በ1637 ፍሎረንስ ላይ አልፎንሶ ፓሪጂ ለነደፈው የሠርግ ትርኢት ስቴፋኖ ዴላ ቤላ ህትመቶቹን ሠርቶ ነበር። በ1654 ፓሪስ ላይ ጃኮሞ ቶሬሊ የነደፈውን ደግሞ ኢስራኤል ሲልቬስትር ቀርጾታል። ቪየናም በዚህ ፉክክር ውስጥ መታየት ፈለገች።

የገጠመን ጥያቄ

መምህሩ ለተማሪዎቹ ሊያሳይ የፈለገው ቀላል የሚመስል ነገር ነው። የ1668 ተመልካች በትክክል ምን አየ? ለዚህ ከህትመቶቹ አንዱን መርጠን፣ በ25 እጥፍ አሳንሰን፣ የሚንቀሳቀስ ሞዴል ልንሠራ ተስማማን።

የመረጥነው የመቅድሙን ገጽታ ነው። «የኦስትሪያ ክብር ቴአትር» ይሉታል። በግራና በቀኝ ትልልቅ አምዶች ተደርድረው ወደ ውስጥ ይሄዳሉ። በአምዶቹ መሃል መሃል የሀብስበርግ ቤት፣ ማለትም የሌኦፖልድ ንጉሣዊ ቤተሰብ፣ ቀደምት ነገሥታት በፈረስ ላይ ሆነው ይታያሉ። መሃል ላይ፣ በጦር መሣሪያ ክምር ላይ፣ ራሱ ሌኦፖልድ በፈረስ አለ። የመረጥነው ቀላል ይሆናል ብለን ነው። ግራውና ቀኙ ተመሳሳይ ነው፤ አምዱ ይደጋገማል፤ ማስመሪያ ለማሳረፍ ይመቻል።

አንባቢ ይከታተለኝ ዘንድ የዘመኑ መድረክ እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ ልናገር። በህትመቱ ላይ አንድ ወጥ ሕንጻ የሚመስለው ነገር ሕንጻ አይደለም። በግራና በቀኝ እየተደረደሩ የቆሙ ጠፍጣፋ የእንጨት ፍሬሞች ናቸው። ሸራ ተወጥሮባቸው ተቀብተዋል። እነዚህን ክንፎች እንላቸዋለን። ከላይ ሰማዩንና ጣሪያውን የሚሠሩ የተንጠለጠሉ ሸራዎች አሉ። ከኋላ ሁሉንም የሚዘጋ አንድ ትልቅ የተቀባ መጋረጃ ይቆማል። ተመልካቹ ከፊት ሆኖ ሲያይ ተነጣጥለው የቆሙት ሁሉ ገጥመው አንድ ቤተ መንግሥት ይሆኑለታል።

የመጀመሪያው ሙከራ

ህትመቱን እንደ ፎቶግራፍ ወሰድነው። መስመሮቹን ተከትለን ሁሉም የሚገናኙበትን ነጥብ አገኘን። ከዚያ አምዶቹ እየራቁ ሲሄዱ ስንት ስንት እንደሚያንሱ ለካን። የፊተኛው አምድ 9 ሜትር ነው፣ ተመልካቹም ከእሱ 20 ሜትር ርቆ ተቀምጧል ብለን ገመትን። የቀረው ሒሳብ ነው አልን።

ሒሳቡ ይኸውና። በወረቀቱ ላይ የፊተኛውን ሲሶ የሚያክለውን አምድ እንውሰድ። ይህ አምድ በእውነትም 9 ሜትር ከሆነ፣ ሲሶ አክሎ የሚታየው ከተመልካቹ በሦስት እጥፍ ሲርቅ ነው። 60 ሜትር ማለት ነው። ስለዚህ ከፊተኛው አምድ 40 ሜትር ወደ ውስጥ ይቆማል። በእኛ ሞዴል 1 ሜትር ከ60። ሠራነው። ጠረጴዛው አልበቃውምና ሌላ ጠረጴዛ ጨመርንበት።

አናጢው ዝም ብሎ አየውና «ይሄ ቤት ነው ወይስ መንገድ?» አለ። ቀጠለናም «ኋላ ያለውን ክንፍ ማን ሮጦ ያወጣዋል? ሻማውንስ ማን ይደርስበታል?» ብሎ ጠየቀ። መልስ አልነበረንም። በምሽግ ግንብ ላይ የተቀመጠ የእንጨት ቴአትር እንዲህ ያለ ጥልቀት ሊኖረው እንደማይችል ለማወቅ እኮ ምሁር መሆን አያስፈልግም። እንጨት የሚያውቅ ሰው ወዲያው አየው። እኛ ሦስታችን ሦስት ሳምንት ፈጀብን።

በዚሁ ሙከራ ሌላም ነገር ተበላሸ። ህትመቱን በኮፒ አሳድገን ክንፎቹ ላይ ለጥፈነው ነበር። በወረቀቱ ላይ ለስላሳ ጥላ የሚመስለው ነገር በቀጫጭን የተጠላለፉ መስመሮች የተሠራ ነው። ሲያድግ መስመሮቹ ወንፊት መሰሉ። አምዶቹ በሽቦ የታጠሩ ይመስሉ ነበር። የህትመት ሠዓሊዋ «ይሄ የመድረኩ ቀለም አይደለም፤ የመዳቡ ቋንቋ ነው» አለችን። መዳብ ግራጫ የለውም። መስመር ብቻ ነው ያለው። ሸራ ቀቢው በብሩሽ ያደረገውን ኪውዝል በመስመር መተርጎም ነበረበት። እኛ ደግሞ ትርጉሙን እንደ ዋናው ቅጂ ወሰድነው።

ነገሩ የተፈታበት

ሥራውን ለሁለት ሳምንት አቆምን። በዚያ ጊዜ የህትመት ሠዓሊዋ የቀሩትን ህትመቶች አንድ በአንድ እያየች በእርሳስ ምልክት ታደርግ ነበር። የምታየው ሕንጻውን አልነበረም፤ ሰዎቹን ነው።

ያገኘችው ነገር ሁሉንም ቀየረ። በህትመቶቹ ውስጥ ወደ ጥልቁ የቆሙ ሰዎች ከአጠገባቸው ካለው ሕንጻ ጋር ተመጣጥነው ያንሳሉ። ይህ ለዓይን ደስ ይላል። በመድረክ ላይ ግን አይሆንም።

ለምን? ከአንድ ቦታ በአንድ ዓይን እንደታየ ሆኖ የተሣለ ስዕል አንድ ነገር አይነግረንም። ሩቅ ስለሆነ ያነሰውን አምድና ራሱ ትንሽ የሆነውን አምድ አይለይልንም። ከላይ ያልኩትን አምድ እንደገና እንውሰደው። 40 ሜትር ወደ ውስጥ ያለ ባለ 9 ሜትር አምድ በወረቀቱ ላይ ሲሶ ያክላል። 10 ሜትር ብቻ ወደ ውስጥ ያለ ባለ 4 ሜትር ተኩል አምድም ልክ ሲሶ ያክላል። ከተመልካቹ 30 ሜትር ይርቃል፤ ቁመቱ ግማሽ ነው፤ ሒሳቡ ያው ይመጣል። ለተመልካቹ ሁለቱ አንድ ናቸው። ለአናጢው ግን አንዱ የማይቻል ነው፣ ሌላው የአንድ ቀን ሥራ።

የባሮክ ነዳፊዎች የሠሩት ሁለተኛውን ነው። ክንፎቹን ወደ ኋላ እየሄዱ ያሳንሷቸው ነበር። ወለሉንም ወደ ኋላ ከፍ ያደርጉት ነበር። ኒኮላ ሳባቲኒ በ1638 ባሳተመው የመድረክ አሠራር መመሪያ ውስጥ ይህን ሁሉ በተግባር ያስረዳል። መምህሩም ያውቀው ነበር፤ ለዓመታት አስተምሮታል። ግን የኪውዝል ህትመት ፊቱ ሲቀመጥ ረሳው። የጠራ ስዕል ይህን ያህል ጉልበት አለው።

አሁን ተዋናይ እናስገባ። 1 ሜትር ከ70 የሚረዝም ዘፋኝ ከፊተኛው አምድ አጠገብ ሲቆም የአምዱን አንድ አምስተኛ እንኳን አይሞላም። አምዱ ግዙፍ ይመስላል። ያው ዘፋኝ ወደ ኋላ ሄዶ ከባለ 4 ሜትር ተኩሉ አምድ አጠገብ ቢቆም የአምዱን ከሲሶ በላይ ያክላል። ድንገት ጎልያድ ሆነ። ቤተ መንግሥቱ ፈረሰ። ስለዚህ ዘፋኞች ከፊት ይቆያሉ። ጥልቁ የዓይን እንጂ የእግር ቦታ አይደለም። ኪውዝል ግን በወረቀቱ ላይ ሰዎችን ወደ ጥልቁ አስገብቶ አሳነሳቸው። የሠራው መድረኩን ሳይሆን መድረኩ እንዲያሳምን የተፈለገውን ዓለም ነው።

ይህን ካወቅን በኋላ ሥራው ፈጠነ። የ1 ሜትር ከ60 ዋሻችን ወደ 40 ሳንቲሜትር አጠረ። የፊተኛው ክንፍ 36 ሳንቲሜትር፣ ያ አምድ 18 ሳንቲሜትር ሆነ። ኮፒውን ላጥነው። ሠዓሊዋ የህትመቱን መስመሮች ትታ የብርሃንና የጥላውን ድንበር ብቻ ወሰደች፤ በቀጠነ ቀለም በብሩሽ ቀባችው። ትንንሽ የካርቶን ሰዎች ቆርጠን ከፊት ብቻ አቆምናቸው።

ቀዳዳዋ

ከሞዴሉ ፊት ለፊት በ80 ሳንቲሜትር ርቀት አንድ ሰሌዳ አቆምን። 80 ሳንቲሜትር በእኛ ልክ 20 ሜትር ነው። ሰሌዳው ላይ አንዲት ቀዳዳ በሳን። በአንድ ዓይን ስናይባት መጀመሪያ ማንም አልተናገረም። ክንፎቹ ገጠሙ። የአምዶቹ አናት ከአንዱ ወደ ሌላው ሳይቆረጥ ሄደ። ጠረጴዛ ላይ ያለው የ40 ሳንቲሜትር ካርቶን ረጅም አዳራሽ ሆነ። ህትመቱ ራሱ ነበር የምናየው።

ከዚያ መምህሩ ሰሌዳውን 20 ሳንቲሜትር ወደ ጎን አንቀሳቀሰው። በአዳራሹ ልክ 5 ሜትር ነው፤ ጥቂት ወንበሮች ቢሆን ነው። አምዶቹ ተሰበሩ። በአንድ ወገን በክንፎቹ መሃል ክፍተት ታየ። በሌላው ወገን አንዱ ክንፍ ሌላውን ሸፈነ። የአናቱ መስመር ደረጃ ደረጃ ሆነ። በመሃሉ የነበረው የንጉሠ ነገሥቱ ፈረስም ከመሃል ወጣ።

እዚህ ላይ የጌፍልስን ህትመት አመጣነው። አዳራሹን ነው የሚያሳየው። ሕዝቡ ዙሪያውን በሰገነቶች ላይ ታጭቋል። የንጉሠ ነገሥቱ ቤተሰብ ግን ከወለሉ መሃል፣ ከመድረኩ ፊት ለፊት፣ ለብቻው ተቀምጧል። የቀዳዳችን ቦታ እዚያ ነው። መድረኩ በትክክል የሚገጥመው ለዚያ ወንበር ነው። ፖሙ በመጨረሻ የሚሰጠውም እዚያው ለተቀመጠችው ሴት ነው። ታሪኩና የመስመሩ ሒሳብ ወደ አንድ ቦታ ያመለክታሉ። ይህን ያየሁበት ቀን በሥራው ውስጥ በጣም የተደሰትኩበት ነው።

ህትመቱ ምን አደረገ ማለት ነው? በሰገነት ጥግ ተጨናንቆ የተቀመጠው ሰው የተሰበሩ አምዶች አይቷል። ከዓመት በኋላ መጽሐፉን በሌላ ከተማ የገለጠው ሰው ግን የንጉሠ ነገሥቱን እይታ አገኘ። ትርኢቱን ያላየ ሰው፣ በአዳራሹ ከነበረው ከአብዛኛው ሰው የተሻለ አየ። ይህ ደግሞ በስህተት የመጣ አይመስለኝም። ህትመቱ የተሠራው ለዚሁ ነው።

እንቅስቃሴው

የመድረኩ ትልቁ ተአምር ለውጡ ነበር። ቤተ መንግሥቱ በተመልካቹ ዓይን ፊት ጫካ ይሆናል፤ ጫካው ባሕር ይሆናል። ህትመት ይህን ሊያሳይ አይችልም። እኛ ግን ልንሠራው ፈለግን።

የተከተልነው የቬኒስን ዘዴ ነው። የቡርናቺኒ አባት ጆቫኒ ወደ ቪየና ከመምጣቱ በፊት በቬኒስ ቴአትሮች ሠርቷል፤ ስለዚህ ምርጫው ሩቅ አይደለም። በ1641 በተከፈተው የቬኒሱ ቴአትሮ ኖቪሲሞ ቶሬሊ ሁሉንም ክንፎች በአንድ ጊዜ የሚለውጥ መዘውር ሠራ። ወለሉ ላይ ረጃጅም ክፍተቶች አሉ። ክንፎቹ በእነዚያ ክፍተቶች በኩል ወደ ታች ወርደው ባለ ጎማ ጋሪ ላይ ይቆማሉ። ጋሪዎቹ ሁሉ በገመድ ከአንድ የሚሽከረከር ግንድ ጋር ታስረዋል። ግንዱ ሲዞር የድሮው ገጽታ ክንፎች ይወጣሉ፤ በዚያው ቅጽበት አዲሶቹ ይገባሉ። ይህን በሥራ ላይ ማየት የሚፈልግ ሰው ወደ ስዊድኑ ድሮትኒንግሆልም ወይም ወደ ቼክ ሪፐብሊኩ ቼስኪ ክሩምሎቭ ቢሄድ እውነተኛ ማሽን ያገኛል። ሁለቱም ከቪየናው ትርኢት መቶ ዓመት ያህል ዘግይተው የተሠሩ ናቸው። ሐሳቡ ግን ያው ነው።

በሞዴላችን በስፌት ክር ጀመርን። ክሩ ይለጠጣል። የፊተኛው ክንፍ ሲወጣ የኋለኛው ገና ይንቀጠቀጣል። በዓሣ ማጥመጃ ናይለን ለወጥነው፤ ተስተካከለ። ቀጥሎ ደግሞ የፊት ክንፎች ትልቅ ስለሆኑ ከኋለኞቹ የበለጠ መንገድ መሄድ እንዳለባቸው አየን። አንድ ወጥ ውፍረት ያለው ግንድ ሁሉንም እኩል ነው የሚስበው። አናጢው ግንዱን በደረጃ ጠረበው። ለፊተኞቹ ወፍራም፣ ለኋለኞቹ ቀጭን። ከዚያ ወዲህ አንድ እጅ ሲያዞረው ሁሉም አብሮ ይሄዳል።

ያልተሳካልን

ደመናውን አልቻልነውም። በህትመቱ ሰማይ ላይ የሚበሩት ገጸ ባሕርያት አንድ ገመድ እንኳን አይታይባቸውም። ቀራጩ ገመዱን መተው ይችላል፤ እኛ አልቻልንም። በሞዴሉ የደመናው ሽቦ ከየትም ሲታይ ይታያል። ሰማዩም እንዲሁ ነው። በወረቀት ላይ አንድ ወጥ ነው። በመድረክ ላይ የተንጠለጠሉ ሸራዎች ነበሩ፤ የሸራዎቹን ወሰን ከህትመቱ ማግኘት አልቻልንም።

የመሃሉ ፈረሰኛም አስቸገረን። ወደ ኋላ ብናስጠጋው ከመጋረጃው ጋር ይጠፋል። ወደ ፊት ብናመጣው ጥልቀቱን ይዘጋል። በመጨረሻ እንደ ክንፎቹ ጠፍጣፋ አድርገን ቆርጠን መሃል ላይ ተከልነው። ከቀዳዳዋ ሲታይ ጥሩ ነው። ግን ይህ የእኛ ውሳኔ ነው፣ የህትመቱ አይደለም፤ ሞዴሉ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይም እንደዚያው ጽፈነዋል።

ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ግምት ነው። ስለዚህ ሁሉንም በቡናማና በግራጫ ተውነው። ወርቅ ብንቀባው ያምር ነበር፤ ተማሪዎቹ ግን ወርቁን ያምኑት ነበር።

አንድ ስህተት ደግሞ ብዙ ቆይተን ነው ያረምነው። በመዳብ ሳህን ላይ የተቀረጸ ነገር ወረቀት ላይ ሲታተም ግራና ቀኙ ይገለበጣል። «ግርጌው ላይ ያለው ጽሑፍ ቀጥ ብሎ ይነበባል፤ ስለዚህ ስዕሉም አልተገለበጠም» ብለን ነበር። ሠዓሊዋ ሳቀችብን። ጽሑፍን ቀራጩ ሁልጊዜ ገልብጦ ነው የሚቀርጸው፤ ካልሆነ አይነበብም። ስዕሉን ግን ገልብጦ ወይም ሳይገለብጥ ሊቀርጽ ይችላል። ማየት ያለብን ሰዎቹን ነው። ሰይፍ በየትኛው እጅ ተይዟል? ከአንድ ሰው አይወሰንም፤ ብዙ ግራኝ ከተገኘ ግን ያጠራጥራል። የእኛ ገጽታ ግራና ቀኙ እኩል ስለሆነ ብዙ አልጎዳንም። ብርሃኑ ከየት ወገን እንደሚመጣ ስንወስን ግን ትርጉም ነበረው።

ለሌላ ሥራ የሚሆነው

ከሁሉ በፊት፣ ስዕሉ የተሠራው ለማን ዓይን እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህ ለ1668 ብቻ አይደለም። ዛሬ ገና ያልተሠራ አፓርታማ በማስታወቂያ ላይ ሲታይም የሚታየው ከአንድ ከተመረጠ ቦታ፣ በተመረጠ ሰዓት ብርሃን ነው። ገዢ ሄዶ የሚቆመው ግን ሌላ ቦታ ነው።

ሁለተኛው፣ በስዕል ውስጥ ልክ የሚገኘው ከሰው ነው። ሕንጻ ሊያታልል ይችላል፤ የሰው ቁመት ግን ይታወቃል። ሰው ከሕንጻው ጋር የተመጣጠነበትን ቦታ ካገኙ፣ በመድረክ ላይ ሊሆን ይችል እንደነበር ይጠይቁ። የማይሆን ከሆነ ቀራጩ የገባበትን ቦታ አገኙት።

ሦስተኛውን የምነግረው በተለይ ለመምህራን ነው። ከጠረጴዛው ዙሪያ እጁን የሚያሠራ ሰው ይኑር። ከሳባቲኒ መጽሐፍ በፊት ችግሩን ያየው አናጢው ነበር። እንዲሁም ህትመት የሚያትም ሰው ያስፈልጋል። እኔ ህትመትን ለዓመታት ስመለከት ኖሬያለሁ፤ መዳብ ግን ቀርጬ አላውቅም፤ ያ ልዩነት ብዙ ዋጋ አስከፈለን።

አንድ ህትመት የተለያዩ ቅጽበቶችን በአንድ ላይ ሊያመጣም ይችላል። አምላኩ ገና እየወረደ፣ ውጊያው ደግሞ ቀድሞ ተጀምሮ። በመድረኩ ላይ በመሃላቸው ሙሉ መዝሙር ነበር። ስለዚህ ህትመቱን ብቻ ይዞ «በአንድ ጊዜ ይህን ሁሉ ሰው መድረክ ላይ አወጡ» ማለት አያስኬድም። የኦፔራው ግጥም አለ። ከስዕሉ ጎን አስቀምጦ ማንበብ ነው።

የተረጋገጠውንና የተገመተውን ለየብቻ መጻፍም አለብን። እኛ በሞዴሉ ጀርባ በሁለት ቀለም እስክሪብቶ ምልክት አድርገናል። በሰማያዊ ከህትመቱ የመጣው። በቀይ ከእኛ የመጣው። ቀዩ ካሰብነው በላይ ብዙ ሆነ። 9 ሜትሩም፣ 20 ሜትሩም ቀይ ነው።

ሞዴሉ አሁን

ሞዴሉ በመምህሩ ክፍል ውስጥ ጥግ ላይ ተቀምጧል። የመጀመሪያውን ረጅሙን ዋሻም አልጣልነውም፤ ከሥሩ አለ። ተማሪዎች ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ሲያዩ ነገሩ ያለ ብዙ ንግግር ይገባቸዋል።

ሰሌዳው ላይ ሁለተኛ ቀዳዳ በስተን ጨምረናል፣ ከመጀመሪያዋ በ20 ሳንቲሜትር። ተማሪዎቹ መሃለኛዋን አንዴ አይተው ያልፋሉ። የጎኗ ላይ ግን ይቆያሉ። ከዚያች ሆነው ክንፎቹን ይቆጥራሉ፣ በክፍተቱ በኩል ግንዱንና ናይለኑን ይፈልጋሉ፣ «አዙረው እስቲ!» ይላሉ።

ቀጥሎ የያዝነው «የሲኦል አፍ» የሚባለውን ህትመት ነው። መድረኩን የሚሞላ የአውሬ ፊት፣ የተከፈተ መንጋጋ፣ ውስጡ እሳትና የሙታን ጀልባ። በዚህ ጊዜ ከሰዎቹ ነው የጀመርነው። ሠዓሊዋ በህትመቱ ኮፒ ላይ እያንዳንዱን ሰው በእርሳስ ከበበች። አናጢውም የመንጋጋውን ጥርሶች ለመቁረጥ የሠዓሊዋን ልክ እየጠበቀ ነው።